አርባ ስድስት ማህተም

ይህን የማወራችሁ ራሴን ለማመስገን እንዳልሆነ ስጨርስ ታዩታላችሁ። የሆነው በደቡብ ጎንደር፣ በምሥራቁ በኩል፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከሚባሉት አገሮች በአንዱ ነው። የቱ ከተማ እንደሆነ አልናገርም፤ መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። ሰዎቹ ዛሬም በየቀኑ ሰላም የምላቸው ናቸው። በዚያ ላይ ከማህተም ያዥ ጋር የተጣላ ሰው የዓመት ፈቃዱን እንኳ አያገኝም።

ያን ጊዜ በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የነካው ነገር ሁሉ የእኔ ነበር። ፕሪንተሩ ወረቀት ቢያኝክ አንሙት ይጠራል፤ ኔትወርክ ቢጠፋ አንሙት፤ የኃላፊው ስልክ ፎቶ አልልክ ቢል አንሙት። ባሕር ዳርም ሦስት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ፒዲኤፍ ሰነዶችን ማየት ለተሳናቸው ሰዎች እንዲመቹ አድርጎ ስለማዘጋጀት። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛውን ቀን የዋልኩት ሐይቁ ዳር ዓሣ ስበላ ነው። የምስክር ወረቀቱን ግን ላስቲክ አስለብሼ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። አንድ ሰው መጥቶ "ይህ ፋይል ለሁሉም ሰው ይነበባል ወይ?" ሲለኝ "ይነበባል" እል ነበር። ፋይሉን ሳልከፍተው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ንፋሱ የቢሮውን መስኮት ሲያንገጫግጭ መምህር አበጀ በዱላቸው ደፉን እያንኳኩ ገቡ። መምህር አበጀ በገጠር ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ የሚያስተምሩ፣ ወደ ሃምሳ የተጠጉ ሰው ናቸው። ስማዳ ቅኔ ቤት ሳሉ፣ ገና በልጅነታቸው፣ በሕመም ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጠፉ። ዘመናዊውን ትምህርት የተማሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከቅኔ ቤት ስለመጡ አገሩ ሁሉ "የኔታ" ይላቸዋል።

"እንደምን አደሩ የኔታ፤ ይቀመጡ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንሙት የምትባለው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"የርእሳነ መምህራን መመሪያ ብለህ ፒዲኤፉን በየስልካችን የላክኸውስ?"

"እሱም እኔ ነኝ" አልኩ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና አንዴ ነካ አደረጉት። እሳቸው ስልክ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በሴት ድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ ጀመረች፦ "ገጽ አንድ፣ ባዶ። ገጽ ሁለት፣ ባዶ። ገጽ ሦስት፣ ባዶ።" አሥረኛው ላይ ስትደርስ በቃ አልኳት፤ እሳቸው ግን አላስቆሟትም።

"አርባ አምስት ባዶ ገጽ ነው የላክህልኝ" አሉ። "መመሪያችን ይህን ያህል አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር።"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መመሪያው ከበላይ አካል በአንድ የወረቀት ቅጂ ብቻ ነበር የመጣው። ወይዘሮ ዘውዴ እያንዳንዱን ገጽ ማህተም መቱበት፤ እኔ ስካነር ውስጥ ከትቼ ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩት። ለሚያይ ሰው ጽሑፍ ነው። ለስልኳ ሴትዮ ግን የወረቀት ፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ አይነበብም። ሥልጠናው ላይ ይህን ያስተማሩን ዓሣውን የበላሁ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

"ለምን ፈለጉት የኔታ?"

"ሰኞ ጠዋት ለምክትል ርእሰ መምህርነት እፈተናለሁ። ፈተናው የሚወጣው ከዚህ ነው። አምናም ተወዳድሬ ነበር። ባልደረባዬ መመሪያውን ግማሹን አነበበልኝ፤ ግማሹን ዘለለብኝ። ፈተናው ላይ ደግሞ ጥያቄው ተነብቦልኝ ነው የምመልሰው፤ ግማሽ ሳልደርስ ሰዓት አለቀ ተባልኩ። ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠኝ ብዬ አመልክቼ ነበር፤ እንዲህ የሚል መመሪያ የለም ተብሎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዘንድሮ ካልሆነ ከእንግዲህ አልወዳደርም።"

ያንን ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው በቃል ነግረውኝ፣ "በመመሪያው የተደነገገ ነገር ያላገኘን መሆኑን እንገልጻለን" ብዬ፣ ከታች ከሰላምታ ጋር ጨምሬበት። አንገቴን ደፋሁ። ብደፋም ባልደፋም ለእሳቸው አንድ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ቀና አልኩ።

"እስከ ምሳ ሰዓት አደርስልዎታለሁ" አልኩ። "ካላደረስኩ ዓይኔን ያጥፋው።"

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የኔታ ፈገግ አሉ።

"ኧረ አይጠፋብህ፤ ለዚህ መመሪያ አንድ ዕውር ይበቃዋል" አሉ።

ከፊት ለፊቴ ካለው ጠረጴዛ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ወይዘሮ ዘውዴ ናቸው፤ የመዝገብ ቤታችን ኃላፊና ማህተም ያዥ። የማህተሙን ሣጥን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው የሚያስሩት። ማህተም የሌለው ወረቀት ለእሳቸው የበርበሬ መጠቅለያ ነው።

ከፎቶ ላይ ፊደል ለቅሞ የሚያወጣ ፕሮግራም አለኝ። መመሪያውን ሰጠሁትና ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም አረፈደ። የሳተውን ፊደል እያረምኩ ጨረስኩና ሰነዱ ለማየት ለተሳነው ሰው ይመች እንደሆነ የሚፈትሸውን ቁልፍ ተጫንኩ። ማሽኑ "ምስሉ መግለጫ የለውም" እያለ አርባ አምስት ጊዜ ቀይ አበራብኝ። ምስል የሚለው ማህተሞቹን ነው። አንድ ጥሩ መግለጫ ጻፍኩና በሁሉም ላይ ለጠፍኩት። እንደገና ስጫን ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ለኔታ ላክሁላቸውና ምሳዬን በኩራት በላሁ።

ስመለስ ግቢው ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያዳምጣሉ። ሦስት ባለጉዳዮችም ዙሪያቸውን ቆመዋል፤ ሁሉም ይስቃሉ። ሴትዮዋ እንዲህ እያለች ነበር፦

"ተማሪን በዱላ መምታት የምስጋና ደብዳቤ ያሰጣል። በሥራ ሰዓት ጠላ ቤት መገኘት ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ ከወላጆች ጋር።"

"እንዲህ ያለ ሹመት ከሆነማ ተወዳዳሪው ይበዛል" አሉ የኔታ።

ያ ገጽ ሠንጠረዥ ነበረው። በግራ የተከለከሉ ተግባራት፣ በቀኝ የሚበረታቱ ተግባራት። እኔ የግራውን ጨርሳ ወደ ቀኙ እንድትሄድ አላዘዝኳትም፤ እሷም መስመሩን ይዛ ከዳር እስከ ዳር ነጎደች። ማሽኑ ሠንጠረዥ መኖሩን አየና አረንጓዴ ሰጠኝ፤ የሚለው ነገር ትርጉም ይኑረው አይኑረው እሱ ምን ገዶት።

"ይህስ ይሁን" አሉ የኔታ፣ "ይቺ በየገጹ የምትመጣው ግን ገደለችኝ።"

ሴትዮዋ እንደተጠራች ሁሉ ቀጠለች፦ "ምስል። የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማህተም፣ ቀለሙ ሰማያዊ፣ በመጠኑ ያዘመመ።"

ወይዘሮ ዘውዴ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

"የቱ ነው ያዘመመው?" አሉ። "እኔ ያዘመመ ማህተም መትቼ አላውቅም። አርባ ስድስቱንም ቀጥ አድርጌ ነው የመታሁት።"

"ይጥፋልኝ ነው የምለው፤ ያዝምም አያዝምም ጉዳዬ አይደለም" አሉ የኔታ። "አንድ አንቀጽ በሰማሁ ቁጥር ማህተም ይመታብኛል።"

"ማህተሙ ከጠፋማ መመሪያው መመሪያ አይደለም።"

"እኔ አላየውም እኮ ወይዘሮ ዘውዴ።"

"ባያዩትም መኖሩን ይወቁት።"

በስንት ልመና ታረቁ፤ ማህተሙ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ይነገራል፤ ያዘመመ የሚለው ይሰረዛል። በመካከል ያሉትን ሴትዮዋ ዝም ብላ እንድታልፋቸው አደረግሁ። ወይዘሮ ዘውዴ ግን ሌላ ነገር አመጡ። እኔ የነካካሁት ጽሑፍ በማህተም ከተመታው ወረቀት ጋር አንድ ስለመሆኑ ካልተረጋገጠ ከቢሮ አይወጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ተረቱብኝ፤ እውነታቸውን ነው።

የኔታ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ትንሽ አሰቡ።

"ቅኔ ቤት እኔ መጽሐፍ አልነበረኝም" አሉ። "መምህራችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙን። የተኙ ይመስሉሃል። አንዲት ቃል ከዘለልክ ግን ከጋቢው ውስጥ 'ተመለስ' ይላሉ። ነገ እንደዚያ እናርገው። ስልኬ ተማሪ ትሁን። ወይዘሮ ዘውዴ ወረቀቱን ይዘው በጣታቸው ይከተሉ። እኔ እሰማለሁ፤ አንተ ታርማለህ። ስክሪንህን ግን አጥፋው።"

"ስክሪን ካጠፋሁ በምን አርማለሁ?"

"ስታርም አብራው። ስትሰማ አጥፋው። ዓይንህ እያየ እንደሆነ ያልተባለውን ከራስህ ትሞላበታለህ።"

አርብ በጠዋት ጀመርን። ከተማው ገበያተኛ በገበያተኛ ነበር፤ ከውጭ የአህያና የባጃጅ ድምፅ ይመጣል። እኛ ግን በራችንን ዘግተን ቅኔ ቤት ገብተናል። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ወይዘሮ ዘውዴ መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፉ። ስክሪኔን አጠፋሁ። እኔ ኩሩው ባለሙያ ጥቁር መስታወት ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ቁጭ አልኩ።

"ተመለስ" አሉ የኔታ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ።

ያን ቀን ስንት ጊዜ ተመለስ እንደተባልኩ አልቆጠርኩም። የግርጌ ማስታወሻው ዓረፍተ ነገር መሃል ገብቶ ተገኘ፤ ተመለስ። የአንቀጾቹ ርእሶች ርእስ መሆናቸውን ስላላስታወቅሁ ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል አልቻለም፤ ተመለስ። "በር የሌለው ቤት ነው የሠራህልኝ፤ ጓዳ ለመግባት ግድግዳ ልናድ ነው?" አሉኝ። በሩን ሠራሁ። ሳጠፋው ቅር ይለኝ የነበረው ስክሪን ከሰዓት በኋላ ተረሳኝ። ስሰማው ለካ መመሪያውን እያወቅሁት ነው። በእጄ ያለፈ ሰነድ ምን እንደሚል ሳውቅ በሕይወቴ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሴትዮዋ አንቀጽ አሥራ አራትን ጨርሳ "አንቀጽ አሥራ ስድስት" አለች።

"ተመለስ።"

መለስኳት። አሁንም ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ስድስት ሄደች።

"አሥራ አምስትን በልተሃታል" አሉ የኔታ።

"እኔ ምን አባቴ ላድርጋት? እትዬ ዘውዴ፣ እስኪ ወረቀቱን ይዩልኝ።"

ወይዘሮ ዘውዴ ገጹን ገለጡ፤ መልሰው ገለጡ። "እዚህም አሥራ ስድስት ነው የሚለው። የጻፉት ሰዎች ዘልለውታል። በማህተም ከተመታ ደግሞ ያው ነው።"

"ስንት ማህተም መታሁ ነበር ያሉት ትናንት?"

"አርባ ስድስት።"

"ይቺ ስልክ የቆጠረችልኝ ገጽ አርባ አምስት ነው" አሉ የኔታ፣ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈው። "እስኪ ወረቀቱን ይስጡኝ።"

ወይዘሮ ዘውዴ መዝገብ ለባለጉዳይ አይሰጡም። ያን ቀን ግን ሰጡ። የኔታ ወረቀቶቹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው አንድ በአንድ እየዳሰሱ ቆጠሩ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። አሻሹት፣ አጠፉት፣ ጆሯቸው አጠገብ አንኮሻኮሹት።

"ይቺ ቅጠል ወፍራም ናት" አሉ።

ወይዘሮ ዘውዴ ቀረብ ብለው በጥፍራቸው ጠርዙን ቀስ አድርገው ፈለቀቁት። ጠረር እያለ ተላቀቀ። ሃያ ሦስተኛው ገጽ ጀርባ ላይ ገጽ ሃያ አራት ተጣብቆ ኖሯል። የታችኛው ገጽ የማህተም ቀለም ሳይደርቅ የላይኛው ተደርቦበት ነው፤ ቀለሙን አጥልቆ የሚመታ ሰው ማን እንደሆነ ለማንም አልተሰወረም። ስካነሩም ሁለቱን እንደ አንድ ወረቀት ዋጣቸው። ይህ መመሪያ ለወረዳው ርእሳነ መምህራን ሁሉ ተልኳል፤ ፈተና ወጥቶበታል፤ ተፈርሞበታል። አንድ ሰው እንኳ ገጽ ሃያ አራት የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም። ሁላችንም ዓይን ነበረን።

"ያንብቡልን" አሉ የኔታ።

ወይዘሮ ዘውዴ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "አንቀጽ አሥራ አምስት። ማየት የተሳነው ተወዳዳሪ በጽሑፍ ፈተና ጊዜ ከመደበኛው ሰዓት ላይ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል። ራሱ የመረጠው አንባቢም ይፈቀድለታል።"

ከውጭ የአንዲት አህያ ጩኸት ተሰማ። የኔታ ዱላቸውን ይዘው ወደ ወይዘሮ ዘውዴ ጠጋ አሉ።

"አንዴ ይድገሙልኝ" አሉ ቀስ ብለው።

ደገሙላቸው። እኔም ነገሩን መደበቅ አቃተኝ።

"የኔታ፣ ያንን አምና የደረሰዎትን ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ። የለም ያልነው ይሄ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ከታች 'አ.አ' የሚል የተያቢው የስም ምልክት አለ ብለው አንብበውልኝ ነበር። ለዚህ ነው በቀጥታ ወዳንተ የመጣሁት። አሁን ጸጸትህን ተወውና ሰኞን አስብልኝ።"

ሰኞ ሦስት ሰዓት ፈተና ነው። ኃላፊያችን ደብረ ታቦር ስብሰባ ላይ ናቸው፤ የሚመለሱት ሰኞ ከሰዓት። ወይዘሮ ዘውዴ ስልካቸውን አንስተው ደወሉ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"አምና የለም ያልነው አንቀጽ ተገኝቷል ጌታዬ።"

"ከየት ተገኘ?" አሉ ኃላፊው። ከኋላቸው ሰው ንግግር ያደርጋል።

"ከሃያ ሦስት ጀርባ።"

"ዘውዴ፣ ለአንድ ሰው ብለን አዲስ ገጽ ልንጨምር ነው? ሰኞ ስመጣ እናየዋለን።"

"ሰኞ ሲመጡ ፈተናው አልቋል።"

"ከበላይ አካል የመጣ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ማንም ጽፎ ሊያስገባው ይችላል። ለመሆኑ ገጹ ማህተም አለው?"

ወይዘሮ ዘውዴ ቀና ብለው ተቀመጡ። እንደዚያ ሲኮሩ አይቻቸው አላውቅም።

"አለው እንጂ" አሉ። "ራሴ ነኝ የመታሁት። ቀጥ ያለ ነው። የተጣበቀውም ከማህተሙ ብዛት ነው።"

ማህተም ያለበትን ነገር የለም ማለት በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ኃላፊው "እንግዲያማ በመመሪያው መሠረት ይፈጸም፤ ምክትሌ ይፈርም" ብለው ዘጉት። ደብዳቤውን እኔ ተየብኩ። "ያላገኘን መሆኑን" የሚለውን አምና በተየብኩባቸው ጣቶች "ያገኘን መሆኑን እንገልጻለን" አልኩ። ወይዘሮ ዘውዴ ማህተሙን መቱበትና ደረቅ እስኪል ድረስ እፍ ሲሉበት ቆዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁልጊዜ እፍ ይላሉ።

የቀረውን መመሪያ እስከ ማታ ጨረስን፤ የኔታ ቅዳሜና እሑድን ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዋሉ። ለፈተናው አንባቢ ምረጡ ሲባሉ እኔ ኮቴን ለብሼ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ወይዘሮ ዘውዴን መረጡ።

"አንተ ትቸኩላለህ" አሉኝ። "እሳቸው በጣታቸው ነው የሚያነቡት፤ አይዘሉም።"

ተቀየምኩ፤ እውነት ስለሆነ ግን ብዙ አልቆየብኝም። የኔታ ፈተናውን ጨርሰው ሲወጡ ተጨማሪው ሰዓት ገና ሩብ ያህል ይቀረው ነበር። ውጤቱ ሲለጠፍ ስማቸው ከላይ ነበር፤ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው፣ ሳልዘል።

ከዚያ ወዲህ ያቺን የባሕር ዳር የምስክር ወረቀት አውርጃታለሁ። አንድ ሰነድ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት ስክሪኔን አጥፍቼ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነብቤ እሰማዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንሙት ጨለማ ላይ አፍጥጦ ብቻውን ይስቃል እየተባለ ይወራብኛል፤ ይወራ። እናንተም እንደኔ ወረቀት የምታዘጋጁ ከሆናችሁ አረንጓዴ ምልክት አያታልላችሁ። አንድ ቀን ስክሪናችሁን አጥፉና የላካችሁትን ስሙት። ምናልባት የእናንተም ገጽ ሃያ አራት የሆነ ቦታ ተጣብቃ፣ አንድ ሰው በእሷ ምክንያት ዓመት እየጠበቀ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የኔታ ሹመቱን በያዙ በወሩ ከትምህርት ቤታቸው ደብዳቤ መጣ። "የላካችሁልን አዲስ የሥራ ዕቅድ ቅጽ ገጽ ሰባት ላይ ሠንጠረዡ ተዘበራርቋል፤ አንሙት ይመለስ" ይላል። ከታች ፊርማቸው አለ። ማህተሙንም ለማንም ሳይሰጡ በገዛ እጃቸው መትተውታል፤ የተመታውም ተገልብጦ ነው። ወይዘሮ ዘውዴ በሃያ ዓመት ሥራቸው የተገለበጠ ማህተም ተቀብለው አያውቁም። ወረቀቱን ይዘው ትንሽ አዩት። ከዚያ ወረቀቱን አዙረው ያዙትና የመዝገባቸውን እስክሪብቶ አነሡ።

"ይነበባል" አሉ።

እኔም ኮምፒውተሬ ጋ ሄጄ ገጽ ሰባትን ከፈትኩና ስክሪኔን አጠፋሁ።